አውሮፕላኑን በኃይል ከመሬት አጋጭቼ ዝም አልኩ፤ ነገ ጠዋት ሌላ ተማሪ ይበርርበታል

ጥያቄ
የበረራ ተማሪ፣ ኮሎራዶ
ማክሰኞ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ የምትጽፉት ሰዎች ውስጥ አብራሪዎች፣ የበረራ አስተማሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ እስካሁን ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ለእናንተ ለማቅረብ ወስኛለሁ።

ዴንቨር አካባቢ ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን የግል አብራሪነት ትምህርት እየተማርኩ ነው። እስካሁን 31 ሰዓት በርሬያለሁ። ትናንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ብቻዬን በረርኩ። ሜዳችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5,800 ጫማ የሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ቀኑም እጅግ ሞቃት ነበር። የታቀደልኝ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ እንዳርፍ ነበር፤ የመጀመሪያው ማረፍ ያለ ምንም ችግር ተጠናቀቀ።

በሁለተኛው ላይ ፍላፑን፣ ማለትም ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ አውርጄ ወደ መንደርደሪያው ስቃረብ የፍጥነት መለኪያው 75 ኖት (በሰዓት 75 የባሕር ማይል) ያሳይ ነበር። አስተማሪዬ በዚህ ደረጃ ላይ 65 እንድይዝ ደጋግሞ ነግሮኛል። ነገር ግን የመቆጣጠሪያ ማማው ከኋላዬ ሌላ አውሮፕላን እየመጣ መሆኑን ሲናገር ስለሰማሁ፣ ቶሎ ወርጄ መንገድ ልልቀቅ የሚል ሐሳብ ገባብኝና ፍጥነቱን እያየሁ ዝም አልኩ። መሬት ስደርስ አውሮፕላኑ አልቀመጥ አለኝ። መሪውን ስስበው ወደ ላይ ተነሣ፤ ደንግጬ ወደ ፊት ስገፋው የፊት ጎማው ከኋለኞቹ ቀድሞ መሬት መታና ተመልሶ ዘለለ። እኔም እንደገና ገፋሁት። ሦስተኛው ምት ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ማዳመጫዬ ከጆሮዬ ወልቆ አንገቴ ላይ ወደቀ፣ ጉልበቴ ላይ የነበረው የመጻፊያ ሰሌዳም ተንሸራትቶ ፔዳሎቹ ሥር ገባ። ከማማው ደህና መሆኔን ሲጠይቁኝ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብዬ መለስኩ፤ ሦስተኛውን ዙር ትቼም ወደ ማቆሚያው ተመለስኩ።

ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ አውሮፕላኑን ዞሬ አየሁት። ጎማዎቹ አልተነፈሱም፣ ፕሮፔለሩም ላይ ጭረት አላየሁም። ነገር ግን በፊት ጎማው ላይ ባለው የሚያብረቀርቅ ዘንግ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ፈሳሽ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ከኪሴ መሐረብ አውጥቼ ጠረግኩት። ለምን እንደጠረግኩት እስካሁን ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም። ከዚያም ቁልፉን ቦታው ላይ ሰቀልኩ፤ አስተማሪዬ በረራው እንዴት እንደነበር ሲጠይቀኝም ጥሩ ነበር አልኩት።

ዛሬ ከባድ ነፋስ ስለነበረ ማንም አልበረረም። አሁን የመርሐ ግብሩን ሰሌዳ ስከፍት ግን ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ሌላ ተማሪ በዚያው አውሮፕላን ብቻውን እንዲበር ተመዝግቦ አየሁ። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ ብሎኛል።

የምማረው ሌሊት እየሠራሁ በማጠራቅመው ገንዘብ ነው፤ አገር ቤት ያለችው እናቴ ለሰው ሁሉ ልጄ አብራሪ ሊሆን ነው ብላ ተናግራለች። ብናገር የተማሪ ፈቃዴን ይነጥቁኛል? የጥገናውን ወጪ በሙሉ ያስከፍሉኛል? የማየው ነገር ምናልባት ቀላል የዘይት ፍሳሽ ብቻ ሊሆን ይችላል? ስሕተቱስ በትክክል የት ላይ ነበር?

መልስ 1
የበረራ አስተማሪ፣ ቴክሳስ
ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ስለ ፈቃድህና ስለ ገንዘቡ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ይህን ማንበብ አቁምና ለአስተማሪህ ደውል። እሱ ካላነሣ ለትምህርት ቤቱ ዋና አስተማሪ ደውል፤ እርሱም ካላነሣ ለሁለቱም የጽሑፍ መልእክት ላክ። የአውሮፕላኑን የምዝገባ ቁጥር ጻፍ፤ ሰኞ በፊት ጎማው በኃይል እንዳሳረፍከው፣ ዘንጉ ፈሳሽ እንደሚያወጣና በጥገና ባለሙያ ሳይታይ መብረር እንደሌለበት ንገራቸው። ማብራሪያውና ይቅርታው ለነገ ይደርሳል።

ደውለህ ከተመለስክ ቀጥል። ብቻህን ስትበር የአውሮፕላኑ አዛዥ አንተ ነህ፤ በአሜሪካ የበረራ ደንብ መሠረት አውሮፕላኑ በአስተማማኝ ሁኔታ ለመብረር ብቁ መሆኑን የመወሰን ኃላፊነትም የአዛዡ ነው። የነገው ተማሪ ከበረራ በፊት በሚያደርገው ፍተሻ ያንን ዘንግ ያየዋል። ፈሳሹን አይቶ ሊጠራጠር ይችል ነበር፤ አንተ ግን ሊያየው የሚችለውን ምልክት ጠርገህበታል። ይህን የምጽፍልህ ላሳዝንህ ብዬ ሳይሆን፣ ከሦስቱ ምቶች ይልቅ ከባዱ ነገር ይህ እንደሆነ እንድታውቀው ስለምፈልግ ነው።

ስለ ፈቃድህ፦ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ2015 ጀምሮ በሚከተለው አሠራር፣ ሳይታሰብ በተፈጸመና ባለቤቱ በግልጽ ባመነው ስሕተት ላይ ከቅጣት ይልቅ ምክርንና ተጨማሪ ሥልጠናን ያስቀድማል። ሆን ተብሎ የተደረገን ነገር ግን እንዲህ አያይም። ትናንት የደረሰብህ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ዛሬ ካወቅክ በኋላ ዝም ብትል ግን ወደ ሁለተኛው ትሻገራለህ። ከዚህ ሌላ ናሳ ከ1976 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት አለ። በ10 ቀናት ውስጥ የሆነውን በሐቀኝነት ጽፈህ ብትልክ ስምህ ከሪፖርቱ ላይ ይወገዳል፤ ሳታስበው ደንብ ጥሰህ ከተገኘህም ከቅጣት ሊያድንህ የሚችልበት ሁኔታ አለ። አደጋ ተብሎ የሚመደብንና ወንጀልን ግን አይሸፍንም። ይህን ጻፍ፤ ነገር ግን ለትምህርት ቤቱ መናገርን እንደማይተካ እወቅ።

ስሕተቱ የት ላይ ነበር ብለህ ለጠየቅከው፣ መነሻው መሪውን መግፋትህ አይደለም፤ መነሻው 75 ኖት እያየህ ዝም ያልክበት ጊዜ ነው። አንድ ተንቀሳቃሽ አካል የሚይዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ከ65 ወደ 75 ስትወጣ አውሮፕላኑ በሲሶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይዞ ይደርሳል። ያ ጉልበት እስኪያልቅ ድረስ ክንፉ መሬት መቀመጥን አይቀበልም፤ አልቀመጥ አለኝ ያልከው ትክክለኛ አገላለጽ ነው።

በዚያ ላይ የሜዳችሁን ከፍታ ጨምርበት። በ5,800 ጫማ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን አየሩ 9,000 ጫማ አካባቢ እንዳለ አየር ይሳሳል። መለኪያው 65 ሲል በእውነተኛው ፍጥነት ወደ 74 ትጠጋለህ፤ 75 ሲልማ ከ85 በላይ ነበርክ። መሬቱ በዓይንህ ሥር ከለመድከው በላይ ስለሚሮጥ መሪውን አለጊዜው መሳብ ይመጣል። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ በአገራችን የሚበሩ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኖሩበታል፤ እዚህ ደግሞ ከዝቅተኛ ሜዳ የሚመጡ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች እንኳ ሲሸወዱ አይቻለሁ።

ከነጠርክ በኋላ ስለሆነው ደግሞ፦ የአውሮፕላኑ ክብደት መሃል ከፊት ጎማው በስተኋላ ስለሚገኝ፣ የፊት ጎማው ቀድሞ ሲመታ አፍንጫው ወደ ላይ ይወረወራል። አፍንጫው ሲነሣ ክንፉ እንደገና ያነሣዋል፤ አንተ አይተህ ስትገፋ አውሮፕላኑ ቀድሞውኑ መውረድ ጀምሯል። እጅህ ሁልጊዜ በግማሽ እርምጃ ስለሚዘገይ እያንዳንዱ ምት ከቀደመው ይብሳል። በመጀመሪያው ዝላይ ላይ ማድረግ የነበረብህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሉ ጉልበት ሰጥተህ እንደገና መነሣት። ከኋላህ የነበረውን አውሮፕላን በተመለከተ ማማው ያስብለት ነበር፤ ሥራቸው ነው።

መልስ 2
ሚኒሶታ፣ የንግድ አብራሪ ነኝ
ማክሰኞ ሌሊት

ከላይ በተሰጠው ምክር በሙሉ እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ወንድሜ፣ ስልኩ ካልተነሣ መልእክት ልኮ መተኛት አይበቃም። ሰው ስልኩን ሳያይ ሊያድር ይችላል፤ ያ ልጅም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቁልፉን አንሥቶ ይወጣል። ከማንም መልስ ካላገኘህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እዚያው ተገኝና በሩ አጠገብ ጠብቀው።

ስለ እናትህ የጻፍከውን ሳነብ አለቀስኩ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አውሮፕላን ወደ ማቆሚያው ስነዳ የክንፉን ጫፍ ከመጋዘን በር ጋር አጋጭቼ ነበርና፣ ከትምህርት ቤቱ ባለቤት ቁጣ ይልቅ ዜናው ሃገር ቤት ሲደርስ ምን ይባላል የሚለው ነበር ጉልበቴን የከዳኝ። ለእናቴ ከወራት በኋላ ስነግራት የጠየቀችኝ ጥያቄ ሰው ተጎድቷል ወይ የሚል ብቻ ነበር።

መልስ 3
የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ ቨርጂኒያ
ረቡዕ ጠዋት

ልጄ፣ ቀላል የዘይት ፍሳሽ ሊሆን ይችላል ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ ሊሆን ይችላል። አለመሆኑን ግን አንተም እኔም ከውጭ ሆነን ማወቅ አንችልም።

ያየኸው ቀይ ፈሳሽ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የፊት ጎማው ዘንግ በውስጡ ዘይትና የታመቀ አየር ይዞ የመሬትን ምት ያበርዳል፤ ማኅተሙ ሲጎዳ ዘይቱ ይወጣል፣ ዘንጉ ይሰምጣል፣ ፕሮፔለሩም ወደ መሬት ይቀርባል። የኋላ ጎማዎቹ የተያዙት በሚለጠጥ ብረት ስለሆነ ብዙ ይችላሉ። የፊተኛው ግን የተያያዘው ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋር ነው፤ ፋየርዎል የምንለው ማለት ነው። በፊት ጎማ በተደጋጋሚ ያረፈ 172 ሲመጣልን በመጀመሪያ የምናየው ያንን ግድግዳ ነው። የሞተሩን ክዳን አውልቀን ከታችኛው ጠርዝ ላይ በባትሪ ብርሃን አግድም እናበራለን፤ ብረቱ ከተጨማደደ ጥላ ይጥላል። በእጄ መዳፍ ስዳብሰው በዓይኔ ያላየሁትን እብጠት ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሪቬቶቹ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ብረቱ ከብረት ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን የሚይዙትን ማጠፊያዎች፣ ንዝረት የሚቆጣጠረውን መሣሪያና የሞተሩን ማሰሪያ እናያለን። ፕሮፔለሩ መሬት ነክቶ ከሆነማ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጭረቱ ትንሽ ቢመስልም እንኳ የሞተሩ ውስጥ መመርመር አለበት።

ይህን ሁሉ አንተ ዞረህ በማየት ልታገኘው አትችልም ነበር፤ ስለዚህ አለማግኘትህን አልወቅስህም። ምርመራው ጉዳቱ በማረፊያው አካል ላይ ብቻ መሆኑን ካሳየ፣ በአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ደንብ ውስጥ ከባድ ጉዳት ተብሎ አይቆጠርም። ግድግዳው ላይ ከደረሰ ግን ለቦርዱ ማሳወቅ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ትምህርት ቤቱ ፈጥኖ ማወቅ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሙያችን ውስጥ ሁላችንም የምንማረውን አንድ ነገር ላንሣ። በ1980 አንድ የቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 747 ሆንግ ኮንግ ላይ ሲያርፍ የጅራቱ ሥር ከመንደርደሪያው ጋር ተፋተገ። ጥገና ተደረገለት፤ ሆኖም የተቧጨረው ቆዳ እንደሚገባው ሳይወገድ ከላዩ ሌላ ብረት ተለበጠበት። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ እየሰፋ 22 ዓመት በረረ። ግንቦት 25 ቀን 2002 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከታይዋን ተነሥቶ ሲጓዝ አየር ላይ ተበታተነ፤ የተሳፈሩት 225 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የአንተ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ብረት የደረሰበትን ምት በራሱ ጊዜ እንደማይረሳ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ነገር አላገኘሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ምን ላይ እንደደረስክ ጻፍልን፤ በአሳብ አታስቀምጠን።

ከጠያቂው
ረቡዕ ማታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የመጀመሪያውን መልስ ሳነብ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቆሜ ደወልኩ። አስተማሪዬ አላነሣም፤ ዋናው አስተማሪ ግን አነሣ። ቃል በቃል እንደተጻፈልኝ ነገርኩት፤ መሐረቡንም ጨምሬ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ አውሮፕላኑን አሁኑኑ ከመርሐ ግብሩ እንደሚያወጣው ነገረኝና ስልኩን ዘጋ። እኅቴ፣ ምክርሽን ሰምቼ ጠዋት 12 ሰዓት ላይም ሄድኩ። ተማሪው ሲመጣ አውሮፕላኑ ዛሬ እንደማይበርና ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ዕድሜው ከእኔ በታች ነው። እጄን ጨብጦኝ ሄደ።

ከአስተማሪዬ ጋር የነበረው ንግግር ከባድ ነበር። በኃይል ማረፌን ሳይሆን ጥሩ ነበር ብዬ የመለስኩለትን ነበር ደጋግሞ ያነሣው። ብቻዬን እንድበር የፈረመልኝን ፈቃድ ለጊዜው ሰርዞታል።

ከጠያቂው
ከሁለት ሳምንት በኋላ

ጋሼ፣ ውጤቱን እንድነግርዎ ጠይቀውኝ ነበር። የዘንጉ ማኅተም ተቀዷል፣ ከማጠፊያዎቹ አንዱ ታጥፏል። ግድግዳው ላይ ምንም መጨማደድ አልተገኘም፣ ፕሮፔለሩም መሬት አልነካም። ባለሙያው ሲያስረዳኝ ልክ እርስዎ እንደጻፉት ባትሪውን አግድም ይዞ አሳየኝ። ዘንጉ ሰኞ ከነበረበት ከሁለት ጣት በላይ ሰምጦ ነበር፤ በነፋሱ ምክንያት ማክሰኞ አለመበረሩ እንዴት ያለ ቸርነት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አውሮፕላኑ ለአምስት ቀናት ከበረራ ውጭ ሆነ። ከወጪው የተወሰነውን ክፍል በየወሩ እንድከፍል ተስማምተናል፤ የናሳውንም ሪፖርት በስምንተኛው ቀን ላክሁ።

ከሌላ አስተማሪ ጋር ሦስት ጊዜ በረርኩ። ሆን ብሎ በ75 ኖት እንድቀርብ ያደርገኝና መሬቱ ላይ ስንንሳፈፍ ምን እንደምወስን ዝም ብሎ ያየኛል። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ እንደገና ተነሣን። ነገር ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የማረፊያው ዝርዝር የነዳጅና የአየር ድብልቁ ሙሉ በሙሉ እንዲወፍር፣ ማለትም ነዳጁ እንዲበዛ፣ ያዛል፤ አዲሱ አስተማሪዬ ግን በዚህ ከፍታ ላይ እንዳላደርገው ነገረኝ። እንደገና ስነሣ ግራ የተጋባ እጅ እንዳይኖረኝ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ 4
የበረራ አስተማሪ፣ ቴክሳስ

በመናገርህ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ አዲሱ አስተማሪህም ልክ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ነዳጁን በባሕር ጠለል መጠን ብትሰጠው ድብልቁ ከመጠን በላይ ወፍሮ ጉልበት ያጣል፤ ይንተፋተፋልም። እንደገና ለመነሣት ስትወስን ያለህ ጉልበት በከፍታው ምክንያት ቀድሞውኑ የቀነሰ ነውና ተጨማሪ ልታጣ አትችልም። ስለዚህ ድብልቁን ገና ወደ ሜዳው ከመቅረብህ በፊት ለዚያ ቀን ከፍታና ሙቀት በሚስማማው ልክ አስተካክለህ ተወው፤ በመጨረሻው ሰዓት እጅህ ወደዚያ መሄድ የለበትም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን ስሮትል እስከ መጨረሻው ግፋ፣ አፍንጫው በራሱ ሊነሣ ስለሚሞክር በመሪው ያዘው፣ ፍላፑን ወዲያውኑ ወደ 20 ዲግሪ መልስ፣ በ60 ኖት መውጣት መጀመርህን በመለኪያው አረጋግጥ፣ ወደ 10 ዲግሪ ቀንሰህ ከፊትህ ያለውን መሰናክል ካለፍክ በኋላ የቀረውን አንሣ። ፍላፑን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ካነሣኸው በዚያ ስስ አየር ላይ ወደ መሬት ትሰምጣለህ። ማማውን የምታናግረው ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ነው።